ሞዴልህን ብሩ ነው የዋጠው

ከለገጣፎ አንድ አንባቢ ጽፎልኛል። አያት፣ ጣፎና ለገዳዲ አካባቢ በቴሌግራም ለሚነግዱ ልጆች ዕቃ ያደርሳል። መልእክት ሲበዛበት አንድ ኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌ የሚማር የኮምፒውተር ሞዴል) ሦስት ሥራ እንዲሠራለት አሰበ። አንደኛ፣ መልእክቱ ትዕዛዝ፣ ቅሬታ፣ ጥያቄ ወይስ ሌላ መሆኑን መለየት። ሁለተኛ፣ የቦታና የዕቃ ስም ከጽሑፉ ማውጣት። ሦስተኛ፣ የማድረሻ ሒሳቡን በብር መገመት። ለመጀመሪያው 20,000፣ ለሁለተኛው 800፣ ለሦስተኛው 6,000 ምሳሌ አለው። «በየተራ ሳሠለጥነው አዲሱን ሲማር የበፊቱን ይረሳል፤ ቀላቅዬ ሳሠለጥነው ደግሞ ሒሳቡን ብቻ ይዞ ሌላውን ዝም ብሎ ይገምታል። ትልቅ ሞዴልና ጠንካራ የጂፒዩ ኮምፒውተር ልከራይ?» ይላል።

ቆይ ወንድሜ፣ ብርህን አታውጣ። ሞዴልህ አላነሰም።

መጀመሪያ አንድ ነገር አድርግልኝ። የሦስቱን ሎስ (ሞዴሉ ምን ያህል እንደሳተ የሚለካውን ቁጥር) አንድ ላይ ደምረህ ማየት ትተህ ለየብቻ ጽፈህ እያቸው። የመልእክት መለያው 4 ምርጫ ስላለው ገና ምንም ሳይማር ሎሱ 1.39 አካባቢ ይሆናል። ስም አውጪው 5 ምልክት ካለው (የቦታ ስም መነሻና ቀጣይ ቃል፣ የዕቃ ስም መነሻና ቀጣይ ቃል፣ ምንም ያልሆነ) 1.61 አካባቢ ይጀምራል። ሒሳቡን ግን በብር አስገብተህ በስኩዌርድ ኢረር (ስህተቱን በራሱ አባዝተህ) ስለምትለካው ሞዴሉ 100 ብር ቢስት ሎሱ 10,000 ነው! ሞዴሉን ለማረም ወደ ኋላ የሚመለሰው ግፊት፣ ግራዲየንቱ፣ 200 ይሆናል፣ የሌሎቹ ግን በእያንዳንዱ ምርጫ ከ1 አያልፍም። ሦስት ሰው እኩል ሲያወራ የሚሰማው ማይክ የያዘው ነው፣ ያንተ ብር ማይኩን ይዟል። አዳም (የማረሚያውን እርምጃ መጠን የሚወስነው የማሠልጠኛ ዘዴ) ያስተካክልልኛል እንዳትል፤ አዳም የትኛው ግራዲየንት ከየትኛው ሥራ እንደመጣ አያውቅም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከማሠልጠኛ ዳታህ የሒሳቡን አማካይና ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ዋጋዎቹ ከአማካዩ በተለምዶ ምን ያህል እንደሚርቁ) አውጣ። ከእያንዳንዱ ዋጋ ላይ አማካዩን ቀንስና ለዲቪዬሽኑ አካፍል። ያን ጊዜ ይህም ሎስ 1 አካባቢ ይጀምራል፣ ሦስቱም በአንድ ሚዛን ላይ ናቸው። መልሱን ለደንበኛ ስታሳይ ብቻ ወደ ብር መልሰው።

እኔን ከጠየቅከኝ ግን ሒሳቡን ጭራሽ ከኔትወርኩ አስወጣው። ተመራማሪው ሪች ካሩዋና በ1997 በጻፈው ጥናት ሥራዎች አብረው ሲማሩ የሚረዳዱት ሲዛመዱ እንደሆነ አሳይቷል። መልእክት መለየትና ስም ማውጣት ዝምድና አላቸው፤ «ለአያት ሁለት ብርድ ልብስ ላኩልኝ» ያለ ሰው እያዘዘ እንደሆነ የሚያሳብቁት የቦታውና የዕቃው ስም ናቸው። የማድረሻ ዋጋ ግን የርቀትና የክብደት ጉዳይ ነው፣ «ለገዳዲ» የሚለው ቃል ውስጥ ኪሎሜትር አልተጻፈም። ስሙን ሞዴሉ ያውጣልህ፣ ዋጋውን ከሰፈር ዝርዝር ሰንጠረዥ አንብብ። ታሪፍ ስትቀይርም ሞዴል እንደገና ማሠልጠን የለብህም።

በየተራ ስታሠለጥነው የረሳው አንተ ስላጠፋህ አይደለም። ይሄን ችግር ተመራማሪዎቹ ማክሎስኪና ኮኸን በ1989 ጽፈውታል፣ ዛሬም አለ። ስለዚህ ቀላቅል፤ ጥያቄው በምን መጠን የሚለው ነው። ዳታውን እንዳለ ብትቀላቅለው ከሚያየው ውስጥ 75 በመቶው የመልእክት መለያ፣ 22 በመቶው ሒሳብ ይሆናል፣ ስም ማውጣት 3 በመቶ ብቻ ይደርሰዋል። እኩል ሦስት ቦታ ብትከፍለው ደግሞ 800ዋን እየደጋገመ ይሸመድዳታል። መሃለኛው መንገድ የየአንዳንዱን ብዛት ስኩዌር ሩት ወስደህ በዚያ ማካፈል ነው፦ ለመልእክት መለያው 57፣ ለሒሳቡ 31፣ ለስም ማውጣቱ 11 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሒሳቡን ካስወጣኸው 83 ለ17 አካባቢ። እዚያ ጀምር። ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ መፈተኛ ዳታ ያዝ፣ የስም ማውጣቱ ውጤት በመፈተኛው ላይ መውረድ ሲጀምር ቁም።

አሠራሩን እንዲህ አድርገው፦ ጽሑፉን የሚያነብ አንድ የጋራ አካል፣ ከላይ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ትንሽ ንብርብር። የጋራው አካል ምን እንደሆነ አልነገርከኝም። መልቲሊንጓል በርት የሚባለው የብዙ ቋንቋ ሞዴል ከሆነ ዛሬውኑ ጣለው! ከ104 ቋንቋዎቹ ውስጥ አማርኛ የለም፣ ፊደሎቻችንን «የማይታወቅ» በሚል ምልክት ነው የሚተካቸው። ኤክስኤልኤም-አር የሚባለውን ሌላ የብዙ ቋንቋ ሞዴል ውሰድ፣ ወይም ለአፍሪካ ቋንቋዎች ተጨማሪ የሠለጠነውን አፍሮ-ኤክስኤልኤምአር። ሁለቱም አማርኛ አይተዋል።

ስም ማውጣቱ ላይ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። ሰው «ጣፎ» ብሎ አይጽፍልህም፤ «ከጣፎ»፣ «ለጣፎ»፣ «ጣፎም» ነው። ምልክት ስትሰጥ ሙሉውን ቃል ቦታ በለው፣ «ከ»፣ «ለ»፣ «ም» የሚሉትን በኋላ በኮድ ቁረጣቸው። ግማሹን እንዲህ ግማሹን እንዲያ ምልክት ያደረግክ ከሆነ 800ዋ ምሳሌ 400 ማለት ናት። ቃሉ በቶከናይዘሩ (ጽሑፉን ለሞዴሉ በሚቆራርጠው ፕሮግራም) ሲቆራረጥ ምልክቱን ለመጀመሪያው ቁራጭ ብቻ ስጥ፣ የቀሩትን ፓይቶርች (የማሠልጠኛው ሶፍትዌር) ሎስ ውስጥ እንዳይቆጥራቸው ምልክታቸውን -100 አድርገው። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» ወደ አንድ አምጣቸው፣ ቴሌግራም ላይ ማንም ለይቶ አይጽፍም። ብቻ ስታሠለጥንም ስትጠቀምም ያው ይሁን።

የሥራዎቹን ክብደት ራሱ የሚማር የ2018 ዘዴ አለ፣ የሚጋጩ ግራዲየንቶችን የሚያስታርቅ የ2020 ዘዴም አለ። ጥሩ ናቸው፣ ግን አሁን አትንካቸው። ሚዛኑ ሳይስተካከል እነሱን መጨመር ችግሩን መደበቅ ነው።

ይልቅ እያንዳንዱን ሥራ ብቻውን አንዴ አሠልጥንና ውጤቱን ጻፍ። ጥምሩ ከዚያ ካነሰ ሁለት ትንንሽ ሞዴል ብትይዝ ማንም አይከስህም። መብራትም በእኛ ዳር አይታመንም፣ በየጥቂት መቶ እርምጃው ቼክፖይንት (ከቆመበት የምትቀጥልበትን ቅጂ) አስቀምጥ፣ የአዳምን ሁኔታም ጨምረህ፤ ሞዴሉን ብቻ ካስቀመጥክ ስትቀጥል ሎሱ ይዘልብሃል። ካልተስተካከለ የየሥራውን ሎስ ለየብቻ ጽፈህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።