የኮደሮች የምስክር ወረቀት ሥራ ያስገኛል?

ጥያቄ፦ እህቴ በአካውንቲንግ በዲግሪ ተመርቃ ሥራ ካጣች ቆይታለች። የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን (የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎችን) ሥልጠና ወስዳ የምስክር ወረቀት ብታገኝ ቀጣሪ ይቀበላታል? (ከደሴ)

መልስ፦ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው ይህ ሥልጠና በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚሰጥ በመሆኑ እንድትመዘገብ አጥብቀን እንመክራለን፤ ወረቀቱ ብቻውን ግን፣ ብዙዎች ስለሚይዙት፣ ከሌላው አመልካች አይለያትም። በሥልጠናው ካሉት ትምህርቶች፣ ከአንድሮይድ (የስልክ) መተግበሪያ ሥራ ይልቅ ለእርሷ የሚቀርባት የዳታ ሳይንስ፣ ማለትም ከተሰበሰበ መረጃና ቁጥር ትርጉም የማውጣት፣ መሠረታዊ ትምህርት ነው፤ የሒሳብ መዝገብ ማንበብ የለመደ ሰው ቁጥር ሲዛባ ቶሎ ይታየዋል፣ ይህም ከባዶ የሚጀምር ሠልጣኝ የሌለው ትልቅ ሀብት ነው። ከትምህርቱ ጎን ለጎን አንድ የሰፈር ባለሱቅ አስፈቅዳ የጥቂት ወራት የሽያጭና የዱቤ ደብተሩን ወደ ኤክሴል ትገልብጥ፤ የትኛው ዕቃ መደርደሪያ ላይ እንደሚከርም፣ የዱቤው ገንዘብ በስንት ቀን እንደሚመለስ ለይታ በአንድ ገጽ ታሳይ። የተበዳሪዎቹን ስም ግን ከገጹ ላይ ታጥፋው፤ የሰው ገመና ነውና። ቀጣሪ ፊት ከምስክር ወረቀቱ ጋር የምታቀርበው ይህንን ሥራ ነው። በቴሌግራም «እንቀጥራለን» እያሉ አስቀድመው የመመዝገቢያ ገንዘብ ለሚጠይቁ ደግሞ አንድም ብር እንዳትከፍል አደራ ይበሏት።