ትዊተር የሚያቃጥለው የግራው ላ ስካላ

ከሜሪላንድ የጻፉልኝ አንባቢ በ1976 እ.ኤ.አ. የተሠሩ አንድ ጥንድ የክሊፕሽ ላ ስካላ ስፒከሮችን ከአንድ ቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ ገዝተዋል። ሻጩ «ውስጡ በአዲስ መለዋወጫ ታድሷል» ብሏቸው ነበር፤ ይሁን እንጂ የግራው ስፒከር ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎባቸዋል። ጥፋቱን የጣሉት 200 ዋት በሆነው አምፕሊፋየራቸው ላይ ስለሆነ፣ ውድ የቲዩብ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ) አምፕሊፋየርና ብዙ ዋት የሚችል ትዊተር ልግዛ ወይ ሲሉ ይጠይቃሉ። ባሱም እንዳሰቡት አልሆነላቸውም።

ለጊዜው ምንም አይግዙ። አንዱ ትዊተር ሁለት ጊዜ ሲቃጠል የቀኙ በዚያው አምፕሊፋየር ደኅና ሆኖ ከከረመ፣ በሽታው ያለው ከአምፕሊፋየሩ በኋላ ነው ማለት ነው። ደብዳቤዎን አንብቤ ሳልጨርስ ወፍራሙ ድምፅ ወደ ትዊተሩ እንዳይገባ የሚያግደውን ካፓሲተር ጠርጥሬ ነበር፤ የላኩልኝ ፎቶግራፍ ደግሞ ጥርጣሬዬን አጠናከረው። በቀኙ ክሮስኦቨር (ድምፁን ለየስፒከሩ ክፍል የሚያከፋፍለው ሰሌዳ) ላይ ፋብሪካው የገጠማቸው ቆርቆሮ ለበስ ካፓሲተሮች እንዳሉ ናቸው። በግራው ግን በትዊተሩ መንገድ ላይ አውራ ጣት የሚያህሉ ሁለት ርካሽ ካፓሲተሮች ተበይደዋል፤ የአንዱ ጽሑፍ በሊድ ጠብታ ቢሸፈንም በሌላው ላይ 10 የሚለው ቁጥር ይነበባል። በዚህ ክሮስኦቨር እዚያ ቦታ ላይ መሆን ያለባቸው ሁለት ባለ 2 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር መጠን መለኪያ) ካፓሲተሮች ናቸው። ያ «አዳሽ» በሳጥኑ ውስጥ ያገኘውን አንሥቶ በይዶ፣ ድምፅ መውጣቱን ሰምቶ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። በቀኙ ክሮስኦቨር ላይ ከአንዱ ቆርቆሮ ሥር የረጠበ የሚመስል ጥቁር ክብ ይታያል። እነዚህ አሮጌ ካፓሲተሮች ዘይት ያለባቸው ናቸው። በዚያ ዘመን የተሠሩት ደግሞ ፒሲቢ የተባለውን መርዛማ ኬሚካል የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አሜሪካ ምርቱን የከለከለችው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ያለ ጓንት አይንኩት፣ አይብሱት፣ ውስጡን ለማየትም ብለው አይክፈቱት።

አሁን የተሳሳተ ካፓሲተር ለምን ትዊተር እንደሚገድል ላስረዳ። ከጋራ ማዶ ያለን ሰው የሚጣራ እረኛ ሁለት እጁን በአፉ ዙሪያ ያደርጋል። ጉልበት አልጨመረም፤ ጉልበቱ እንዳይባክን ነው ያደረገው። አየር እጅግ ቀላል ስለሆነ አንድ ትንሽ የስፒከር ድያፍራም (የሚርገበገበው ስስ ሽፋን) ሲገፋው እንደ ባዶ ነገር ይሸሸዋል፤ በቡጢ አየር እንደመምታት ነው፣ ክንድ ይደክማል እንጂ ሥራ አይሠራም። በላ ስካላ ድያፍራም ፊት የተገጠመው ጥሩምባ ግን እዚያ ያለውን አየር በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ያፍነውና ክብደት ይሰጠዋል። ከዚያም ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄዶ ያንን ጠንካራ ግፊት ለሰፊው ክፍል ያስረክበዋል። በዚህ ምክንያት ላ ስካላ በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት ወደ 104 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ይሰጣል። ተራው የቤት ስፒከር 87 ያህል ነው፤ ልዩነቱ 17 ዴሲቤል ስለሆነ ተራው 50 ዋት የሚፈጅበትን ድምፅ የእርስዎ በ1 ዋት ያወጣዋል። ከጥሩምባው የሚሰሙት ስስ የ«ሽሽሽ» ድምፅም ብልሽት አይደለም፤ የአምፕሊፋየሩ ትንሿ ጉድፍ እንኳ ስለምትጎላ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ጥሩምባ እንደ መጠኑ ወሰን አለው። ድምፁ ከዚያ ወሰን በታች ሲወርድ ጥሩምባው አየሩን መያዝ ያቅተዋል፤ የተደገፈበት ግድግዳ ድንገት እንደ ተነሣበት ሰው ድያፍራሙ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዋልላል። የትዊተርዎ ጥሩምባ የጣት ርዝመት ብቻ ነው፤ ሥራውም ከ6000 ኸርዝ በላይ ነው። ካፓሲተሩ በአምስት እጥፍ ሲያድግ በሩ ወደ ታች ይከፈትና የዘፋኙ ድምፅና የሳክስፎኑ ጉልበት ሳይቀር ወደዚያች ስስ ድያፍራም ይገባል። ብዙ ዋት የሚችል ትዊተር ቢገዙ ሞቱን ያዘገዩለታል እንጂ አያድኑትም።

ወደ ሥራው እንግባ። አምፕሊፋየሩን አጥፍተው ገመዶቹን ከስፒከሩ ይንቀሉ። የላይኛው ክፍል ከኋላ ክፍት ስለሆነ ክሮስኦቨሩን ለማግኘት ካቻቢቴና የእጅ ባትሪ ይበቃል። ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሡ፤ በተለይ በትራንስፎርመሩ ላይ በየቁጥሩ የታሰሩት ሽቦዎች ቢቀያየሩ የመካከለኛው ድራይቨር ድምፅ ከሌሎቹ ጋር ያለው ሚዛን ይፋለሳል። የትዊተሩን አንድ ሽቦ አላቅቀው በመልቲሜትር ይለኩት፤ ጥቂት ኦም ካሳየ ጠመዝማዛው አልተበጠሰም፣ ምንም ካላሳየ ሞቷል። ደኅናውን የቀኝ ትዊተር «ለሙከራ» ብለው በግራው ላይ እንዳይገጥሙት፤ ካፓሲተሩ ሳይስተካከል እሱንም ይበላዋል።

ለየስፒከሩ ሁለት ባለ 2 እና አንድ ባለ 13 ማይክሮፋራድ የፖሊፕሮፒሊን (የፕላስቲክ ዓይነት) ካፓሲተር፣ ቢያንስ 100 ቮልት የሚችል፣ ይግዙ። ቀኙን ትቶ ግራውን ብቻ ማደስ ሁለት ዓይነት ድምፅ ያላቸው ስፒከሮች ይዞ መቅረት ስለሆነ ሁለቱንም በአንድ ቀን ይቀይሩ። በየድረ ገጹ በሳንቲም የሚሸጠውን ኤሌክትሮላይቲክ (ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ካፓሲተር) አይመኑት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደርቃል። በወርቅ ቀለም ተለብጦ የአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚጠየቅበትም አያስፈልግዎትም። አሮጌዎቹን ቆርቆሮዎች በጓንት ያውጡ፤ ካውያው የሽቦውን ጫፍ ብቻ ይንካ እንጂ የካፓሲተሩን አካል እንዳይነካ።

ስለ ባሱ ባጭሩ ልመልስ። ላ ስካላ በ1963 እ.ኤ.አ. የተነደፈው ለአርካንሳው ፖለቲከኛ ለዊንትሮፕ ሮክፌለር የምርጫ ዘመቻ በአደባባይ እንዲያገለግል ነው፤ እኛ አገር ሞንታርቦ የምንለው ዓይነት ሥራ ማለት ነው። የ50 ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል፤ ያንን በሙሉ ጉልበት የሚያወጣ ጥሩምባ ሳሎንዎ ውስጥ አይገባም። ስፒከሮቹን ከግድግዳው መካከል አንሥተው ማእዘን ውስጥ ቢያቆሟቸው ግድግዳዎቹ ራሳቸው የጥሩምባው ማራዘሚያ ይሆናሉ። የጎን ኮምፔንሳቶው ሲንቀጠቀጥ በእጅዎ ከተሰማዎት በባሱ አፍ ውስጥ አንድ የእንጨት ድጋፍ ያስገቡለት። ከዚያ በታች ያለውን ለሰብዉፈር (ለወፍራም ድምፅ ብቻ ለተሠራ ስፒከር) ይተዉት። የቲዩብ አምፕሊፋየሩን ሐሳብ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሁለቱ ስፒከሮች እኩል ሲዘፍኑ ሰምተው ቢያነሡት ይሻላል።

የወጡትን ካፓሲተሮች በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልለው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጧቸውና አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበለው የካውንቲዎ ጣቢያ ያድርሱ፤ ወደ ቤት ቆሻሻ አይጣሏቸው። ልጆች ካሉ ደግሞ ጣቢያው እስኪከፈት ድረስ እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ይሁን።