ቱቡላር ጎማ፦ የቱን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ለኮርሳ ብስክሌቴ ቱቡላር ጎማ (ካላማዳሪያው ውስጡ ተሰፍቶበት ቸርኬው ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፈውን) ልገዛ ነው። ቪቶሪያ ኮርሳና ኮንቲኔንታል ኮምፒቲሽን አማርጠውኛል። ልምምዴ እንጦጦና ሱሉልታ ነው። የቱ ይሻለኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለልምምድ ኮንቲኔንታሉን ውሰድ። ቪቶሪያው አካሉ ጥጥ፣ የውስጡ ካላማዳሪያ ላቴክስ (ስስ የተፈጥሮ ጎማ) ስለሆነ አስፋልት ላይ ሐር በለው፣ ግን ላቴክስ አየር ቶሎ ያስወጣል፣ ማታ ጢም አድርገህ የሞላኸውን ጠዋት በአውራ ጣትህ ስትጫነው ገባ ይልልሃል፣ በየቀኑ ከፓምፕ ጋር መታገል ነው። ኮንቲኔንታሉ ውስጡ ቡቲል ነው፣ አየር ይዞ የሚቆይ ሰው ሠራሽ ጎማ። ከላስቲኩ ስር ደግሞ ስባሪ ጠርሙስ የሚመክት የቬክትራን ክር አለው። 25 ሚሊሜትሩን ምረጥ። ጥጡ ለውድድር ቀን ይቆይህ።

እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማጣበቂያው ነው። ቸርኬውን በሚይዝ ፍሬን ከእንጦጦ ስትወርድ ቸርኬው ይግላል፣ ማጣበቂያውም ይለሰልሳል። ስፔናዊው ብስክሌተኛ ጆሴባ ቤሎኪ እ.ኤ.አ. በ2003 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ቁልቁለት ሲወርድ ጎማው ከቸርኬው ወልቆ ጭኑ ተሰብሯል። ስለዚህ ስስ አድርገህ ቀባ፣ ሲደርቅ ድገም፣ ጎማውን ከገጠምክ በኋላ አሳድረው። ደግሞ «የካላማዳሪያ መለጠፊያ ማስቲሽ ይበቃዋል» የሚልህን ጎሚስታ እንዳትሰማ።