ቄብ ተብለው የተገዙት አውራ ሲሆኑ

እህቴ፣ "ቄብ ናቸው ተብዬ ከገዛኋቸው 10 የ45 ቀን የሳሶ ዝርያ ዶሮዎች የ4ቱ አናት ቀላ፤ ወንድ ናቸው ወይ? ከሆኑስ ምን ይባላሉ፣ ምን ላድርጋቸው?" ላልሽው።

በአናታቸው ብቻ አትፍረጂ። በዚህ ዕድሜ የአናት ቅላት ያጠራጥራል እንጂ አያረጋግጥም፤ ቀደም ብላ የምትቀላ ቄብም አለች። እግሩ ወፍራም፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቁርጡን የሚነግርሽ ላባው ነው። ሦስት ወር ሲጠጉ ያዢና ወገቡ ላይ፣ ጭራው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ላባ በጣትሽ ገልጠሽ እዪ። ጫፉ እንደ ጦር ሾሎ የሚያብረቀርቅ ከሆነ አውራ ነው፤ ክብ ከሆነ ቄብ ናት። የአንገቱ ላባ ግን ያሳስታል፣ እሱን ተዪው። ቦቫንስ ብራውን የሚባለው የእንቁላል ዶሮ ዝርያ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ሁሉ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር፤ ገና ሲፈለፈሉ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ነው።

ስማቸውን በተመለከተ፣ ትንሽ ሳሉ ሁሉም ጫጩት ናቸው። ሴቷ ከዚያ በኋላ እንቁላል እስክትጀምር ቄብ ትባላለች፤ ወንዱን "ወጣት አውራ" ብትዪው ገበያ ላይ ሁሉም ይገባዋል። ደረሰኝ ላይ "ኮክሬል" ተብሎ ብታዪም ያው እሱ ነው። ሳሶ ለሥጋም ለእንቁላልም ስለሚረባ ወንድና ሴቱ ተደባልቆ መሸጡ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ስትገዢ "ቄብ ብቻ ነው ወይስ ድብልቅ?" ብለሽ ጠይቂ።

ወንድነታቸው ሲረጋገጥ ለብቻ አድርጊያቸው። አብረው ከዋሉ መኖውን ይሻማሉ፣ ወደ አራት ወር ሲጠጉም ቄቦቹን ማሳደድ ይጀምራሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ የመኖውን ዓይነት ነው። የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ይደርሳል፤ ለማይጥል ዶሮ 1 በመቶ ገደማ ይበቃዋል፣ ትርፉ ኩላሊቱን ይጎዳል። ቄቦቹ ወደ ጣይ መኖ ሲዞሩ አውራዎቹ በታዳጊ መኖ ይቀጥሉ።

እንቁላሉ ለምግብ ከሆነ አንድም አውራ አያስፈልግሽም፤ ቄብ ያለ አውራ ትጥላለች፣ አውራ ያልነካው እንቁላል እንዲያውም ሙቀት ላይ የተሻለ ይቆያል። ማስፈልፈል ከፈለግሽ ለ8 እስከ 10 ሴት አንድ ይበቃል። ሳሶ ድቅል ስለሆነ ግን ልጆቹ እንደ ወላጆቻቸው አንድ ዓይነት ሆነው አይወጡም፤ እኔ ለዚህ ብዬ አላስቀራቸውም።

ሽጪያቸው፣ ግን በጾም አይሁን። በዐቢይ ጾም መባቻ የገባ የ45 ቀን ጫጩት ጾሙ 55 ቀን ስለሆነ ፋሲካን በ100 ቀኑ ይደርሳል፤ ደህና ከበላ ያኔ 2 ኪሎ ይጠጋል። የአናቱ ቀይ ሥጋ ድርብ የሆነ ከነጠላው የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ቤት ካረድሽው ደግሞ ሥጋው ለጋ ነውና ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ ጨምሪው፤ ቶሎ ከገባ ብልቱ ከአጥንቱ ይላቀቃል። ገዢ ዕድሜውን ከተጠራጠረ የደረቱን አጥንት ወደ ሆዱ በኩል ያለውን ጫፍ እንዲጫን አድርጊ፤ የለጋው ይተጣጠፋል፣ ያረጀው ድርቅ ይላል።