የአየር አምቡላንስ ሒሳብ፦ ከጎጃም የደረሱን ጥያቄዎች

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለአየር አምቡላንስ የተነገረን ዋጋ ግን የብዙ ሰዓት ነው። ለምን? (ባሕር ዳር)

አውሮፕላኑ ከማረፊያው ተነሥቶ እስኪመለስ ያለው ሰዓት ስለሚታሰብ ነው፤ በሽተኛው የተሳፈረበት ብቻ አይደለም። ከናይሮቢ የሚመጣ ከሆነ ባዶውን የሚበርበት መንገድ በሽተኛውን ይዞ ከሚበርበት ይረዝማል። የሐኪምና የነርስ አበል፣ የማረፊያ ክፍያና የበረራ ፈቃድም ይደመራሉ።

ፕሮፎርማ በጽሑፍ ይጠይቁ። ዋጋው ከአልጋ እስከ አልጋ ነው ወይስ ከኤርፖርት እስከ ኤርፖርት? ጭቅጭቅ የሚነሣው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ በሽተኛው ቦሌ ደርሶ የሚቀበለው አምቡላንስ አይኖርም። አውሮፕላኑ ቆሞ የሚጠብቅበት (የጥበቃ) ሰዓት እንዴት ይታሰባል? አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ጉዞው ቢሰረዝ ምን ያህል ይመለሳል? ዋጋው በዶላር ከተጻፈ በየትኛው ቀን ምንዛሪ ይመታል? ክፍያው ብዙውን ጊዜ ቅድሚያ ስለሆነ ከከፈሉ በኋላ መከራከር አስቸጋሪ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የላኪው ሆስፒታል ሊያዞን ክፍል (በሽተኛ የሚያቀባብለው ክፍል) ተቀባዩ ሆስፒታል አልጋ መያዙን ያረጋግጥ። የጽኑ ሕሙማን አልጋ ሳይገኝ የተነሣ አውሮፕላን ትርፉ የጥበቃ ሒሳብ ነው።

አባታችንን በመኪና አዲስ አበባ ልንወስድ ነው። በደቂቃ 5 ሊትር ኦክስጅን ታዞለታል። አንድ ሲሊንደር ይበቃል? (ደብረ ማርቆስ)

አይበቃም። የሲሊንደሩን የሊትር መጠን ጌጁ (የግፊት መለኪያው) በሚያሳየው ባር ያባዙ፦ 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 150 ባር ካሳየ 1,500 ሊትር ኦክስጅን አለው። ለ5 ሲካፈል 300 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሰዓት ነው። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎሐ ጽዮን እስኪወጣ ድረስ ከጭነት መኪና ኋላ ከገቡ ሰዓቱ ያልቃል። ከተማ ውስጥ ያለው መጨናነቅ ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ሁለት ሲሊንደር ይያዙ። መንገድ ላይ ፍሰቱ ወደ 10 ሊትር ከፍ ካለ የአንዱ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል።

ከመነሣታችሁ በፊት ቫልቩ ተከፍቶ ጌጁ ይታይ፤ ተዘግቶ የሚነበብ ቁጥር አያስተማምንም። የመክፈቻው ቁልፍም ከሲሊንደሩ ጋር ይታሰር። ሁለተኛውን ሲሊንደር በረሃው መሐል መክፈት የሚያቅተው ቁልፉ ተረስቶ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ አለን። የትራንስፖርቱን ይሸፍናል? (ፍኖተ ሰላም)

አይሸፍንም፤ የሚሸፍነው ውል በገባ ተቋም የሚሰጥ ሕክምናን ነው። ለዚያም ቢሆን የሪፈር ወረቀት ሳይዙ አይሂዱ። ጉዳቱ የመኪና አደጋ ከሆነ ግን በአዋጅ የተደነገገ የሦስተኛ ወገን መድን አለ። የፖሊስ ማስረጃና ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይያዙ፤ በብጣሽ ወረቀት የተጻፈ ሒሳብ ዋጋ የለውም።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ በሄሊኮፕተር ሆስፒታል ተወስዶ ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ተጠየቀ። በመሥሪያ ቤቱ በኩል መድን አለው። ቤተ ዘመዱ ያዋጣ? (ዳንግላ)

አትቸኩሉ። የገንዘቡ መጠን ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ በ2017 እ.ኤ.አ. እንኳ የሄሊኮፕተር መካከለኛ ዋጋ 36,400 ዶላር ገደማ ነበር። ነገር ግን ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ፣ የግል ወይም የአሠሪ መድን ያለውን ሰው ከመድኑ ጋር ውል የሌለው የአየር አምቡላንስ ድርጅት፣ ድርጅቱ ውል ቢኖረው ኖሮ በሽተኛው ይከፍል ከነበረው ድርሻ በላይ ሊያስከፍለው አይችልም። ቀሪውን ድርጅቱና መድኑ ይጨራረሱ። የምድር አምቡላንስን ግን ሕጉ አይነካም።

ወንድምዎ መጀመሪያ ከመድኑ የሚላክለትን የክፍያ ማብራሪያ ደብዳቤ ይጠብቅ፤ ከሒሳቡ ጋር ያስተያይ፤ እስከዚያ የክፍያ ስምምነት አይፈርም። መድኑ «ሄሊኮፕተር አያስፈልግም ነበር» ብሎ ከከለከለ፣ በሄሊኮፕተር እንዲሄድ ካዘዘው ሐኪም ደብዳቤ አጽፎ ይግባኝ ይበል። የይግባኙ ጊዜ ክልከላው ከደረሰው ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው።