በበረዶ ተራራ ላይ ማደር አስበናል፤ መኪናችን ትችለዋለች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። በቅርቡ ያገለገለች ቶዮታ ፎርራነር ገዝቻለሁ። ፎር ዊል ናት። በጥር፣ በማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ሰኞ ሥራ ስለሌለን አራት ጓደኛሞች ጓኔላ ፓስ ወደሚባለው የተራራ መተላለፊያ ወጥተን፣ በበረዶ ላይ ድንኳን ተክለን ልናድር ነው። ጎማዎቿ «ለሁሉም ወቅት» የሚባሉት ናቸው። አንዱ ጓደኛችን «ፎር ዊል ከሆነች ሌላ ምንም አያስፈልግም» ይላል። ጀበናና ከሰል እንይዛለን፤ ማታም ድንኳኑን በዚያው እናሞቃለን ብለናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ከሰሉን ቤት ተወው። ብዙ ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው። ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ አይቆምም። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ራስ ያማል፣ ያደክማል፣ ያቅለሸልሻል። የተኛ ሰው ግን ይህንንም ሳያውቅ ይሄዳል። መኪናውም ያው ነው። እንዲሞቃችሁ ሞተር አስነስታችሁ ስትቀመጡ ማርሚታው በረዶ ከሸፈነው ጋዙ ወደ ጋቢና ይመለሳል። መጀመሪያ ወርዳችሁ ጭስ ማውጫውን በአካፋ ጥረጉ። ሞተር እየሠራ መተኛት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

አሁን ወደ ጓደኛህ ነገር ልምጣ። ፎር ዊል መኪናን ያስነሳል፣ ዳገት ያወጣል። ለማቆም ግን አይረዳም። ፍሬን ስትይዝ ማንኛውም መኪና በአራቱም ጎማ ነው የሚያቆመው። መሬቱን የሚይዘው ጎማው ብቻ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በርትሁድ ፓስ ላይ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ የመጀመሪያው ክረምቴ ነበር። ደብረ ብርሃን አድጌ፣ የጣርማበርን ጭጋግ በጭነት መኪና ስመላለስበት ኖሬ፣ ተራራ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ዳገቱን እንደ ልቤ ወጣሁት። ቁልቁለቱ ላይ፣ ኩርባው ጋ ስደርስ ፍሬን ረገጥኩ። መኪናው መሪውን እምቢ ብሎ ቀጥ ብሎ ሄደ። የበረዶ ክምር ባይይዘኝ ከኋላው ገደል ነበር። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ድምፅዋን እስካሁን አልረሳሁትም።

አየህ፣ እኛ «በረዶ» ስንል ብናኙንም፣ ጠጠሩንም፣ ግግሩንም በአንድ ቃል ነው የምንጠራው። ለጎማ ግን ሦስቱ አንድ አይደሉም። አዲስ የወረደ ብናኝ እንኳን ትንሽ ይይዛል። አደገኛው ቀን ቀልጦ ማታ የረጋው፣ አስፋልት የሚመስለው ስስ ግግር ነው። ድልድይ ላይና ፀሐይ በማያገኘው ኩርባ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ቁልቁለቱን እንደ ዓባይ በረሃ በከባድ ማርሽ ውረድ። ፍሬኑን ከኩርባው በፊት ጨርስ። ፎርራነርህ ደግሞ ፎር ዊሉ በእጅ የሚገባው ዓይነት ከሆነ ደረቅ አስፋልት ላይ አውጣው። ካልሆነ ካምቢዮውን ይጎዳል።

የ«ሁሉም ወቅት» ጎማ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እየደረቀ ይሄዳል። ጎማህን ጎኑን እየው። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ካለበት ለበረዶ ተፈትኗል ማለት ነው። ከሌለበት፣ አቅምህ ከፈቀደ አራቱንም የክረምት ጎማ አድርግ። ሁለቱን ብቻ አትቀይር። ሕጉንም እወቀው፦ ተራራውን በሚያቋርጠው አውራ ጎዳና፣ በአይ 70 ላይ፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከመስከረም 1 እስከ ግንቦት 31 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የጎማ ደንብ አለ። ፎር ዊል መኪናም ቢሆን የጎማው ጥርስ ከ5 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ነው። የጎማ ሰንሰለት ግዛና ግቢህ ውስጥ፣ በደረቅ ቀን፣ ጓንት አድርገህ ሁለት ጊዜ ማሰርና መፍታት ተለማመድ።

ጓኔላ ፓስ ግን አይሆንላችሁም። መንገዱ በክረምት በበር ይዘጋል፤ ጫፉ 3,557 ሜትር ነው። ሌሎችም የጫካ መንገዶች ክረምት ለመኪና ይዘጋሉ። ከመሄዳችሁ በፊት የደን አገልግሎቱን የተሽከርካሪ ካርታ እዩ፣ ቢሯቸውም ደውሉ። ለመጀመሪያ አዳር እኔ የምመርጥላችሁ ጎልደን ጌት ካንየን ፓርክን ነው። ዓመቱን ሙሉ ካምፕ አለው፣ ቦታ አስቀድሞ ይያዛል፣ ለቤታችሁም ቅርብ ነው። ነገር ከተበላሸ በዚያው ሌሊት ትመለሳላችሁ። ከፍ ወዳለ ቦታ ለመሄድ ከደፈራችሁ ግን በተዳፋት ሥር ድንኳን አትትከሉ። ናዳ የሚነሳው በብዛት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ካዘነበለ ዳገት ነው። የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል በክረምት በየቀኑ ትንበያ ያወጣል። እሱን ሳታዩ አትነሱ።

መኪናዋ በረዶ ውስጥ ከተቀረቀረች ጎማውን አታሽከርክሩ። በሽክርክሪቱ በረዶው ይቀልጥና መልሶ ይረጋል፤ ከዚያ ጉድጓዱ መስታወት ይሆናል። ከጎማው ፊትና ከመኪናው ሆድ ሥር ቆፍሩ። የጎማ ነፋስ ወደ 20 ፒኤስአይ አውርዱ። ለመመለሻ መሙያ ፓምፕ ያዙ፤ በዚያ ነፋስ አስፋልት ላይ አይነዳም።

እንቅልፉን በተመለከተ፣ ብርዱ የሚመጣው ከታች ነው። በአየር የሚነፋው ተራ ፍራሽ ውስጡ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ጀርባችሁን ያበርደዋል። የስፖንጅ ምንጣፍ ከሥር አድርጉ። ጋቢ አምጡ፣ ግን ከላብና ከበረዶ ጠብቁት። ጥጥ ከራሰ አያሞቅም። ከሀገር ቤት የመጣ የመንዝ ዝተት ያለው ካለ ይዞ ይምጣ። ሱፍ ስለሆነ እርጥብም ሆኖ ይሞቃል። ድንኳኑን ከመትከላችሁ በፊት በረዶውን ረግጣችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ይጠነክራል። ካስማ አይይዝም። ገመዱን በረዶ በተሞላ ከረጢት አስራችሁ ቅበሩት።

በማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ሰንበት አይ 70 እጅግ ይጨናነቃል። ሌላ ቅዳሜ ብትመርጡ ደስ ይለኛል።

ጀበናውን ግን እንዳትተዉ። ከድንኳን ውጭ፣ መኪናዋን ከነፋስ መከለያ አድርጋችሁ አፍሉ። ቤት የምትጠቀሙባት ትንሿ የቡቴን ምድጃ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ እምቢ ትላለች፣ ጋዙ አይወጣም። ፕሮፔን ያዙ። ከሥሩ ጣውላ አድርጉ፤ አለዚያ ምድጃው በረዶውን እያቀለጠ ይሰምጥና ጀበናው ይገለበጣል።