ባርሴሎና ይጠብቃችኋል

ይህን የምጽፈው አራት ኪሎ፣ አንዲት ቡና ቤት ተቀምጬ ነው። ጀርመን 22 ዓመት ኖሬ ከተመለስኩ ወዲህ በየክረምቱ የማያቸው ልጆች አሉ። ከዋሽንግተን፣ ከለንደን፣ ከስቶክሆልም የሚመጡ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ። ቦሌ ሆቴል ይይዛሉ። አያታቸው ቤት ምሳ በልተው ሰዓታቸውን እያዩ ይነሳሉ። በሦስተኛው ቀን ወደ ዛንዚባር ይበራሉ። «ቀጥሎ የት ብንሄድ ጥሩ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ የምላቸው ይኸው።

1. ወረቀት
ፓስፖርታችሁ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ይሁን፤ የውጭ ዜግነት ወስዳችሁ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ካላችሁ ደግሞ እዚህ ለመግባት ቪዛ አትጠየቁም።

2. ገንዘብ
በብድር ቫኬሽን አትውጡ። ዱባይ 5 ቀን ተዝናንቶ ዓመት ሙሉ ዕዳ የከፈለ ልጅ አውቃለሁ። አውሮፓ ያላችሁ በዕድሜያችሁ ተጠቀሙ። የኢንተርሬይል ባቡር እስከ 27 ዓመት ድረስ የወጣት ዋጋ አለው። የአውሮፓ ኅብረት ነዋሪ ሆኖ 26 ዓመት ያልሞላው ፓሪስ የሚገኘውን የሉቭር ሙዚየም በነፃ ያያል።

3. የት?
ጓደኛ ፎቶ የተነሳበት ቦታ ሁሉ አያስሮጣችሁ። ሮም ከሄዳችሁ ፖርታ ካፔና አደባባይ ቆም በሉ። ፋሺስቶች የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው እዚያ ነው። በ1997 ዓ.ም ወደ አገሩ ተመልሷል። ያንን ባዶ ቦታ አይታችሁ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ሥር ስትቆሙ ነገሩ ይገባችኋል።

በስደት ወረቀት ላይ ሆናችሁ አገር መግባት የማትችሉ፣ እናታችሁን ናይሮቢ አግኟት። እሷ በኢትዮጵያ ፓስፖርቷ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልጋትም፤ ከአዲስ አበባ በረራው 2 ሰዓት ገደማ ነው። የራሳችሁን የመግቢያ ፈቃድ ብቻ ቀድማችሁ ጨርሱ። አይቻልም ብላችሁ ግን አትቀመጡ።

4. የማይጠብቀው
እኔ በሃያዎቹ ዕድሜዬ ባርሴሎና፣ ፕራግ፣ አምስተርዳም ዞሬያለሁ። እናቴ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበረች። ስደውል «መቼ ነው የምትመጣው?» ትለኛለች። «የሚቀጥለው ክረምት» እላታለሁ። ስድስት ክረምት እንዲህ አልኳት። ገንዘብ አልጎደለኝም፣ እረፍትም ነበረኝ። በየወሩ ብር ስለምልክላት የልጅነቴን የተወጣሁ መስሎኝ ነበር።

በ31 ዓመቴ መርዶዋን ተረዳሁ። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም፤ የመጣሁት ለሰልስት ነው። ሰው ሲቀልልኝ ከቡፌው ፊት ቆምኩ። አሳጥቤ በፖስታ የላክኋቸው ፎቶዎች መስተዋቱ ላይ ተደርድረዋል። የፕራጉን አንስቼ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ፣ በዚያ በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ጽሕፈት፣ «ካፖርት አልለበሰም» ብላ ጽፋለች። ስለ ወንዙም ስለ ድልድዩም አንድ ቃል የለም።

ልጆች፣ እባካችሁ ስሙኝ! ባርሴሎና በ40 ዓመታችሁም ብትሄዱ እዚያው ናት። የአያታችሁን ዕድሜ ግን ቁጠሩት። «ሥራ ይዤ»፣ «ትንሽ ልደላደልና» አትበሉ፤ እኔም እንዲሁ ነበር የምለው። ወላጆችም አጥፍታችኋል። ለሜክሲኮ ባሕር ዳርቻ ቲኬት የምትቆርጡለት ልጅ ከአያቱ ጋር የሚያወራበት አማርኛ የለውም።

ስትመጡ ሆቴሉን ተዉትና አያታችሁ ቤት ፍራሽ አንጥፋችሁ ተኙ። ጠዋት ቡና ስትቆላ አጠገቧ ቁጭ በሉ። አማርኛችሁ ቢሰባበር ይሰባበር! እሷ ትጠግነዋለች። ማን እንደዳራት፣ ልጅ ሆና ውሃ ከየት ትቀዳ እንደነበር ጠይቋት። ስልካችሁን አውጡና ድምጿን ቅዱ። መራመድ ከቻለች ሰፈሯን በእግሯ እየመራች ታሳያችሁ። ሰፈሩም ቢሆን አይጠብቅም፤ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም ፈርሷል፣ ካዛንቺስም ተከትሏል።

ባለፈው ሳምንት ልጄን ይዤ ወደ ፒያሳ ወረድኩ። «የአያትህን ቤት ላሳይህ» አልኩት። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተነስቼ እርምጃዬን ቆጠርኩ። ሁለት ጊዜ ተመልሼ እንደገና ቆጠርኩ። በራችን የነበረበትን ቦታ መለየት አልቻልኩም።